የባፓዋጂ ሞሪስ የፊት ወንበር

ዳዳር፣ ቦምቤይ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1994

ተገኘች! ቴህሚ፣ ተገኘች! የአያታችን የባፓዋጂ ሞሪስ መኪና ተገኘች! በሕይወት አለች፣ ገዛኋት፣ ይህን ስጽፍልሽ ከመስኮቴ ሥር ቆማለች!

ይቅርታ፣ ሰላምታውን ዘልዬው ሄድኩ። እናቴ ብትኖር «ገመዱን እንደ በጠሰ ፈረስ» ትለኝ ነበር። በይ አሁን በወጉ ልጀምር። ውድ የአጎቴ ልጅ ቴህሚዬ፣ ሳሄብጂ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ብርዱን ቻለው? የቤትሽ እሳት አይጥፋ፣ ጓዳሽ አይጉደል፣ ክፉ ዓይን ደጅሽን ስቶ ይለፍ። እኛ ደህና ነን። ባሌ ፔሲም ደህና ነው፣ ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ነው እንጂ። እሱ ግን «አምፖሎቹ ናቸው የደከሙት» እያለ የቤቱን አምፖል ሁሉ ቀየረ።

አሁን ወደ ነገሬ። ናቭሳሪ የሄድነው ለፔሲ የእህት ልጅ ሠርግ ነበር። ከምሳ በኋላ እኔ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ዞር ዞር ስል የዳቦ ጋጋሪው ጓሮ ገባሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ከመኪና መስኮት የዶሮ ጅራት ወጥቷል። ዶሮዋን ትቼ መኪናዋን አየሁ። ያ ክብ ጀርባ! እነዚያ ከፍርግርጉ ውስጥ ዝቅ ብለው የተሰኩ፣ ጥፋት ያጠፋ ልጅ የሚመስሉ ሁለት መብራቶች! የግራውን በር ከፈትኩ። ከውስጥ በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በፀጉር መያዣ የተጫረ ስም አለ። ቴህሚ ይላል። የኔ አይደለም፣ ያንቺ ስም! የኔማ ከየት ይመጣል፤ ከፊት ተቀምጬ አላውቅ።

ለማንኛውም የዳቦ ጋጋሪው መበለት ሩዝ ስትለቅም አገኘኋት።

«እማማ፣ ይቺ መኪና የማን ናት?»

«የዶሮዎቹ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«ለመግዛት ነበር።»

«ዶሮ?»

«መኪናዋን!»

«ከኋላ ወንበር ያለችው ታቅፋለች። እስክትፈለፍል መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። እኔ ከእናት ጋር ጠብ አልፈልግም።»

«ቁልፉስ?»

«ልጄ ሕፃን ሳለ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ጣለው። ዋና ከቻልሽ ውረጂ።»

ጫጩቶቹ እስኪወጡ ጠበቅን። ፔሲ «በዓለም ላይ ከዶሮ ፈቃድ ጠይቀን መኪና የገዛን እኛ ብቻ ነን» ይላል። ትናንት በጭነት መኪና መጣች። ሠፈሩ በሙሉ በረንዳ ላይ ወጣ። አንዱ «ዝገት ነው» ይላል፣ አንዷ «ጉድ ነው፣ ገንዘብ ያስጨርሳል» ትላለች፤ ዓይናቸው ግን ከላይዋ አልተነሳም። ምቀኛ አያሳጣኝ!

አሁን ልመናዬ። አንቺ ያለሽው እነዚህ መኪኖች በተወለዱበት አገር ነው። የኋላ መብራቷ መስተዋት ተሰብሯል፣ አፍንጫዋ ላይ የነበረው ቀይ በሬ ያለበት ምልክት የለም። መታጠፊያ ሲሆን ከበሩ ጎን ብቅ የሚሉት ብርቱካናማ ክንዶችም፣ እኛ «ክንፍ» እንላቸው የነበሩት፣ ሁለቱም ጠፍተዋል። ቁልፍም ያስፈልጋታል። ጋፉር የሚባል መካኒክ ይዣለሁ፤ አፉ መጥፎ፣ እጁ ጥሩ ነው። በድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ቁልፉ የሚገባበት ናስ ላይ ቁጥር ተመትቷል ይላል። ቁጥሩ ከታወቀ እዚያ አገር ልክ እንደ ድሮው አድርገው ይቀርጹታል አሉ። ዋጋውን ብቻ ንገሪኝ፣ እልካለሁ።

ደስታ አላስተኛ ያላት፣
ያንቺው ጄርባኑ


በርሚንግሃም
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1994

ውድ ጄሩ፣

ለአንቺም ለፔሲም ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ዶሮዋ እስክትፈለፍል ድረስ ጊዜ ካገኘሽ፣ በዚያ መሃል ለኔ ስልክ መደወል እንዴት አቃተሽ? ባፓዋጂ የአንቺ ብቻ አያት አልነበረም። እኔም ግማሹን እከፍል ነበር። ቢያንስ ግማሽ መኪና ይኖረኝ ነበር።

ይሁን። እዚህ እሁድ እሁድ ሜዳ ላይ የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ አለ፤ ሽማግሌዎች ብርድ ልብስ አንጥፈው ይሸጣሉ። ሄጄ እፈልግልሻለሁ። ከቁጥር ቁልፍ የሚቀርጽም አለ። ስለ ቁልፉ ግን አትቸኩይ፤ መጀመሪያ ቁጥሩን አይተሽ ጻፊልኝ።

በበሩ ላይ ያለውን ስሜን እንዳትፍቂው። ጋፉርም እንዳይቀባበት።

ገንዘብሽን አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። መኪናዋ ተጠግና የምትወጣ ቀን እኔ እመጣለሁ፣ የፊቱ ወንበርም የኔ ነው። እንደ ድሮው።

ሰላም ሁኚልኝ።
ቴህሚና


ዳዳር፣ ቦምቤይ
ማርች 12 ቀን 1994

ውድ ቴህሚ፣

ቀንሽ ይባረክ፣ እንጀራሽ ይለስልስ፣ ድመትሽም ትክረም። ይኸው በሰላምታ ጀመርኩ፤ ቀርቶብኛል እንዳትይ።

አሁን ግን ልፈንዳ። እንደ ድሮው?! እስቲ ድሮውን ልንገርሽ። «ከኋላ ከተቀመጥኩ ወደ ላይ ይለኛል» ብለሽ ስታለቅሺ ባፓዋጂ ደንግጦ ከፊት ያስቀምጥሽ ነበር። እኔ ከኋላ፣ በምግብ ሳጥንና በአክስቶቻችን ጉልበት መሃል። ከዳዳር እስከ ዎርሊ ባሕር ዳር ድረስ የማየው ነገር ቢኖር ያንቺ ሹሩባ ነው፤ ነፋሱ እያነሳ ፊቴን ይገርፈኝ ነበር። ከዚያ አንቺ በመርከብ እንግሊዝ ሄድሽ፤ አላስመለሰሽም! በአውሮፕላን ስንቴ ተመላለስሽ፤ አላስመለሰሽም! ወይ ጉድ፣ ያ ሆድ የሚገለበጠው ለዎርሊ መንገድ ብቻ ኖሯል?

ስምሽን አልፋቅሁትም። አጥቤ ወልውዬዋለሁ እንኳ። ለምን እንደወለወልኩት እኔም አላውቅም።

ቁጥሩን በተመለከተ መጥፎ ወሬ ነው ያለኝ። ቁጥር የለም። ናሱ የተላጠ እንቁላል መስሏል። ጋፉር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብዙ አየና፣

«ማዳም፣ ቁጥሩ ነበር። ተበልቷል። ማነው እንዲህ የፈተገው?»

«አያቴ ንጹሕ ሰው ነበር» አልኩት።

«ፓርሲዎች!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። «የሰው ሁሉ መኪና በዝገት ያልቃል፣ የእናንተ በውልወላ! ትንሽ ብትቆዩ ሞተሩንም ወልውላችሁ ትጨርሱት ነበር።»

መቼም የኛን የፋርስ ዘሮችን ሠፈር ታውቂዋለሽ፤ እሁድ ጠዋት ወንዱ ሁሉ በቁምጣ ወጥቶ መኪናውን ሲያሻሽ ሚስቱን ረስቶ ነው የሚውለው። እውነቱን ነው።

ደግሞ ስሚ! ባለፈው ሐሙስ ሞተሩ ተነሳ! ካርቡራተሩን አጥቦ፣ ካንዴላ ቀይሮ፣ ሁለት ሽቦ አገናኝቶ ቢነካት ሳለች፣ አነጠሰች፣ ከዚያ ያ የድሮው ድምፅ፣ ድስት ላይ ሩዝ ሲንተከተክ የመሰለው ድምፅ መጣ። አለቀስኩ። ጋፉር «እንግዲህ ሽቦ እያለ ቁልፍ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«መኪና በሽቦ የሚያስነሳ ሌባ ነው!»

«እኔም ከሌባ ነው የተማርኩት፣ ማዳም።»

እኔ ግን ወይ ፍንክች። የባፓዋጂን መኪና በሽቦ አላስነሳም። ሁለተኛ ቁልፍ እንደ ነበረው ትዝ ይልሻል? በቀይ ክር የታሰረ፣ ከአልጋው ራስጌ የሚሰቅለው። የት እንደገባ እንጃ። እሱን ለማግኘት የእናቴን ሣጥን እስከ ታችኛው ጨርቅ ገለበጥኩት፤ የለም። አንቺ የምታውቂው ነገር ካለ ጻፊልኝ።

እኔ ጠዋት ጠዋት አንድ ጉዳይ ጀምሬያለሁ። አትጠይቂኝ፤ አልነግርሽም።

ጄሩ


በርሚንግሃም
ጁን 28 ቀን 1994

ውድ ጄሩ፣

ቤታችሁ ሰላም ይሁን፤ ፔሲንም ሳሚልኝ። በመዘግየቴ አትቀየሚኝ። መጀመሪያ ሥራ በዛ፣ ከዚያ ጉንፋን፣ ከዚያ ድመቷ ታመመች።

በዚህ ጥቅል ውስጥ የኋላ መብራቱ መስተዋት፣ ባለ በሬው ምልክትና የቀኝ ክንፍ አሉ። ክንፎቹን ጥንድ ሆነው ነው ያገኘኋቸው። ግራው እኔ ዘንድ ይቆይ። የግራው በር የኔ በር ስለሆነ ይዤው ብመጣ ይሻላል ብዬ ነው።

ስለ ቁልፉ፣ ቁጥር ከሌለ ቁልፍ ቀራጩ ሽማግሌ ምንም ማድረግ አይችልም። በሽቦ መነሳቷም እኮ ያን ያህል ነውር አይደለም። እንዲያው ለማወቅ ያህል ልጠይቅሽ፣ ጋፉር የዚያ ዘመን ቁልፍ ራሱ ምን ዓይነት ነው ይላል? ክብ ነው ሞላላ? በየጊዜው ዘይት ያስፈልገዋል ወይስ ዝም ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥም አይበላሽም?

መኪናዋ የምትወጣ ቀን ዳንሳክ እንድትሠሪልኝ። ያንቺ እጅ ናፍቆኛል።

ቴህሚና


ዳዳር፣ ቦምቤይ
ጁላይ 24 ቀን 1994

ቴህሚ፣ ሳሄብጂ። ዝናቡ አንቺ አገር ያለውን ያህል እዚህም ይዘንባል፤ ልዩነቱ የኛው መጥቶ ይሄዳል። ጤናሽ ይሁን፣ ጥላሽ አይታጣ።

ከትንሹ ልጀምር። ዳንሳክ?! አንቺ ልጅ፣ እንግሊዝ ጭራሽ አጥቦሽ ለቀቀሽ! ሰው ሞቶ በአራተኛው ቀን ሐዘን ሲፈታ የሚበላውን ምስርና ሥጋ በደስታ ቀን አቅርቢ ትይኛለሽ? መኪናዋን ልታድሻት ነው ልትቀብሪያት? የደስታ ቀን ዓሣ ነው፣ እንደ ክር የቀጠነው ጣፋጭ ፓስታ፣ ሴቭ በእርጎ ነው። ለፔሲ ባነብለት ትን ብሎት በሻይ ሊሞት ነበር። «ተያት፣ በቅናት አፏ የሚለውን አታውቅም» አለኝ። እኔ አላልኩም፣ እሱ ነው ያለው።

ዕቃው ደርሷል፣ እጅሽ ይባረክ። መብራቱና በሬው ገብተዋል። ክንፉንም ጋፉር ገጠመው፤ ሲነኩት ቲክ ብሎ ይወጣል፣ ይበራል፣ ይገባል። ግን ቴህሚ፣ በአንድ ክንፍ! ሠፈሩ «ያንቺ መኪና ወደ ቀኝ ብቻ ነው የምትታጠፈው? ዞራ ዞራ እዚያው ልትመለስ ነዋ!» እያለ መሳቂያ አደረገኝ። ጥንዱን አግኝቶ ግማሹን የሚያስቀር ሰው ዛሬ ገና አየሁ። አንዱን የጆሮ ጌጥ እንደ መስጠት ነው።

ቁልፍ ቀራጭ አስመጥቼ ነበር። ከሌባው ገበያ፣ ከቾር ባዛር፣ ስመ ጥር የሚባለውን። ጥሬ ብረት እየከተተ እየሞረደ፣ እየከተተ እየሞረደ፣ ጭራሽ ሰብሮበት ሄደ። ጋፉር ስባሪውን በመርፌ ሲያወጣ የተሳደበውን ስድብ ብጽፍልሽ ወረቀቱ ይቃጠላል። አሁን መጨረሻውን ነግሮኛል። «ማዳም፣ ዝናቡ ሲያቆም በመሰርሰሪያ በስቼ አወጣዋለሁ፣ የፊያት እገጥማለሁ። አንቺን እየጠበቅኩ ልሸብት አልችልም።» ከተበሳ በኋላ እንግዲህ እውነተኛው ቁልፍ ከሰማይ ቢወርድም አይጠቅምም። ባፓዋጂ በጣቱ ይነካው የነበረው ያ ናስ ቆሻሻ ላይ ይጣላል። ሳስበው እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ይህን ሁሉ ወር የለፋሁት ለዚያች ትንሽ ቦታ ነው እኮ።

ስለ ጠዋቱ ጉዳዬ ጠይቀሻል? አልጠየቅሽም። ጉልበቴ በልዟል፣ አንድ ሰውዬ በየቀኑ ይጮኽብኛል፣ የአትክልት ሻጩ ሲያየኝ ጋሪውን ይዞ ወደ ጠባቡ መንገድ ይሸሻል። ሌላ አልናገርም።

አሁን ደግሞ አንቺን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቀጥ ብለሽ መልሺልኝ። የቁልፉ ራስ ክብ ይሁን ሞላላ፣ መሳቢያ ውስጥ ይበላሽ አይበላሽ፣ አንቺን ምን አገባሽ?

ጄሩ


በርሚንግሃም
ሴፕቴምበር 6 ቀን 1994

ጄሩ፣ ጋፉር እንዳይበሳ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

እንግሊዝ ልሄድ መርከብ ስሳፈር ትዝ ይልሻል? እናንተ ሁላችሁ ከአጥሩ ወዲያ ቆማችሁ ስታለቅሱ ባፓዋጂ ዘበኛውን አልፎ መጣ። መዳፌን ከፍቶ ቁልፉን አኖረበት፣ ጣቶቼን አንድ ባንድ ከደናቸው። «ስትመለሺ በሩን ራስሽ ትከፍቻለሽ» አለኝ። ስመለስ መኪናዋ ተሽጣ ነበር። ቁልፉን ግን መልሺ አላለኝም፣ እኔም አልመለስኩም። አሁን እንኳ ቀዩ ክር አብሮት አለ፣ ቀለሙ ለቋል እንጂ።

ይቅርታ አልጠይቅም። የሰጠኝ እሱ ነው፣ አልሰረቅኩም። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ቁልፍ ስትለምኚኝ ከሹራቤ ኪስ ውስጥ ነበር። በእጄ እየዳበስኩት ነው ያነበብኩሽ። አንድ ጊዜ ፖስታ ውስጥ ከትቼው መልሼ አወጣሁት። እስቲ ፍረጂ፣ መኪናዋ ያንቺ፣ ሠፈሩ ያንቺ፣ እሱ የሞተበት ክፍል ያንቺ፣ ባለቤትሽ በሻይ ትን ሲለው ጀርባውን የምትመቺው አንቺ። ቁልፉንም ከወሰድሽ ለኔ ምን ይቀረኛል? ድመት?

ቁጥሩ ቁልፉ ላይ ቁልጭ ብሎ አለ። ከናሱ ላይ ማን እንዳጠፋው ግን በአያታችን አታሳብቢ። እሁድ እሁድ ከጉዞ በፊት ጨርቅና መወልወያ ይሰጥሽ ነበር። ሌላው የመኪናዋ ናስ ሳይነካ ያቺን አንዲት ቦታ ብቻ ትፈትጊ ነበር። እኔ ከፊት ተቀምጬ፣ አንቺ ጉልበቴን በክርንሽ እየገፋሽ፤ እጅሽ ናሱ ላይ፣ ዓይንሽ እኔ ላይ። በዚያ ዓይን ብረት ባይበላ ነው የሚገርመኝ።

ቴህሚ


ዳዳር፣ ቦምቤይ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 1994

ቴህሚና፣

ሰላምታ የለኝም። አልቋል።

ባፓዋጂን ለስላሳ እንቁላሉን በማንኪያ ያበላሁት እኔ ነኝ። ጥፍሩን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ማታ ማታ ጋዜጣውን የልደትና የሞት ዜናውን ሳይቀር ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ቁልፍ የት ገባ ስለው «ይመጣል» ይለኝ ነበር። ያረጀ መስሎኝ! አንቺ ነሽ ለካ የምትመጪው። እኔ እዚህ እያለሁ የሚጠብቀው አንቺን ነው!

ደብዳቤሽን አንብቤ ሳለቅስ ፔሲ ገባ። «አንዷ መኪና አገኘች ታለቅሳለች፣ አንዷ ቁልፍ አላት ታለቅሳለች። እኔ እንኳ መነጽር የለኝም፣ ማን አለቀሰልኝ?» አለ። ደገፈኝ ብዬ ሳይ ይሥቃል።

አዎ፣ የፈተግኩት እኔ ነኝ። ናሱ ሲያበራ ባፓዋጂ ራሴን ይዳብሰኝ ነበር፤ እኔ ያለኝ ያ ብቻ ነበር። ጋፉርን እንዳትበሳ ብዬዋለሁ፤ «አልሃምዱሊላህ፣ ሌላ ዓመት» አለ። አንቺ ግን ቁልፍሽን እዚያው ያዢው። አልፈልገውም። ባንገትሽ እሰሪው።

ጄርባኑ

መለስ ብዬ ሳስበው ግን፣ በአደራ ፖስታ ላኪው። ክሩንም እንዳትፈቺው።


በርሚንግሃም
ዲሴምበር 4 ቀን 1994

ጄሩዬ፣

ቁጣሽ ይብረድ፣ ጉልበትሽ ይዳን። ዝም ያልኩት አኩርፌ አይደለም፣ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ እስኪሰጡኝ ነው። በፖስታ አልልከውም። ለመጪው ናውሮዝ፣ ለአዲሱ ዓመታችን፣ ቁልፉንና ግራውን ክንፍ ይዤ እመጣለሁ። ቲኬቴን ቆርጫለሁ። ድመቷን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ።

ብዙ አሰብኩበት። ቁልፍ የሚሰጡት እኮ ለሚሄድ ሰው ነው። አንቺ ቤት ውስጥ ነበርሽ፤ ለቤተኛ ማን ቁልፍ ይሰጣል? እኔ በዚያ ስኮራ ኖሬ፣ አንቺ እንቁላል በማንኪያ እንዳበላሽው ስትጽፊልኝ ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። ያቺን ማንኪያ ነው የቀናሁባት።

ግን ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ዓመት ሙሉ ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። የፊቱ ወንበርስ? ፔሲ ሲነዳ አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ አይደል?

ቴህሚ


ዳዳር፣ ቦምቤይ
ጃንዋሪ 30 ቀን 1995

አለፍኩ! ቴህሚ፣ አለፍኩ! መንጃ ፈቃድ አወጣሁ!

ሰላምታው በኋላ ይድረስሽ። ጠዋት ጠዋት የምሄድበት ጉዳይ ይኸው ነው። ፔሲ በዚያ ዓይኑ መሪ ይዞ ዎርሊ ሊሄድ ነው ብለሽ ነበር? ባሕሩን መንገድ ነው ብሎ ይገባበት ነበር! አስተማሪዬ የሚባለው ሰውዬ ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ይጮኻል። ሞተር አጥፍቼበታለሁ፣ የአትክልት ጋሪ ገጭቼበታለሁ፣ አንድ ጊዜም በኋላ ማርሽ የእሳት ቤተ መቅደሳችን በር ድረስ ወስጄዋለሁ። ፈታኙ ደግሞ «እሜቴ፣ በዚህ ዕድሜ ምን አስቸኮለዎት?» አለኝ። «ልጅነቴን በሙሉ ከኋላ ተቀምጬ ነው፣ ከዚህ በላይ አልቆይም» አልኩት።

ስለዚህ እህቴ፣ ለጥያቄሽ መልስ። የፊቱ ወንበር ያንቺ ነው። ውሰጂው! ጋፉር ሞላውን ቀይሮ ቀይ ቆዳ አልብሶታል፣ ስምሽም ከበሩ ላይ አለ። ምስኪን፣ ከኋላ ከተቀመጥሽ ወደ ላይ ይልሽ የለ? እኔ ያን ወንበር ምንም አላደርገውም። ሁለት እግር፣ ሁለት እጅ ነው ያለኝ፤ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው። እኔ የምቀመጠው ባፓዋጂ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። አንቺ ሙሉ መንገዱን የኔን ሹሩባ እያየሽ ትሄጃለሽ። ሹሩባ የለኝም እንጂ፤ ለዚያን ቀን አስረዝማለሁ።

ይህን ለፔሲ ሳነብለት «ምቀኝነት እንዲህ ለጋስ ሲሆን አይቼ አላውቅም» አለ።

ቁልፉን አንቺ ራስሽ ትከቺዋለሽ። ባፓዋጂ ብሎሻል፣ ቃሉ ቃል ነው፤ በሩን ከፍተሽ፣ ከዚያ እዚያ የፈተግኩት ናስ ውስጥ አስገብተሽ አንድ ጊዜ ታዞሪዋለሽ። ከዚያ እጅሽን ሰብስበሽ ወደ ወንበርሽ፤ የቀረው የኔ ነው። ሽቦውን ጋፉር ቆርጦ ጥሎታል፤ ስለዚህ ቁልፉን አውሮፕላን ላይ ብትረሺው ሁላችንም በእግር ነን። ግራ ክንፉንም አትርሺ፤ ከአንድ ዓመት ወዲህ ወደ ግራ ታጥፋ አታውቅም።

ደጃፉ ላይ በነጭ ኖራ ዓሣ እሥላለሁ። መኪናዋ የጽጌረዳ ጉንጉን ታጠልቃለች፣ ግንባሯ ላይ ቀይ ትቀባለች። ለክፉ ዓይን ማክሸፊያ ከጎማዋ ፊት የሚሰበረውን እንቁላል የናቭሳሪዋ መበለት ታመጣለች፤ ከዚያችው ዶሮ ነው፣ ካልጠራሽኝ እረግምሻለሁ ብላ ልካብኛለች። ሁለት እንቁላል እንድታመጣ ነግሬያታለሁ። የሁለት ሴቶች ዓይን በአንድ እንቁላል አይከሽፍም።

እንግዲህ የቤትሽ እሳት አይጥፋ፣ መንገድሽ የቀና ይሁን፣ ሆድሽም ይጽና። ለምታውቂው ዘመድ ሁሉ ንገሪ፤ በሎንዶንም ይኑር በካራቺ፣ የተቀየመም ያልተቀየመም፣ በዚያች መኪና ከኋላ ተቀምጦ ሄዶ የሚያውቅ ሁሉ ይምጣ። ዓሣው በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ሴቩ በእርጎ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ማርች 21፣ ማክሰኞ፣ የናውሮዝ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዳዳር ከመስኮቴ ሥር። አንድም ሰው እንዳይቀር!